ሽማግሌ ደጃችን ላይ ነው፤ የወንድሜን እጅ የሰበረው ልጅ ይታሰር ወይስ እንታረቅ?

የሸዋ በሯ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ የአገሬ ልጆች። ጉዳዩ የቤተሰብ ነው። ግን እርስ በርሳችን ስንነታረክ መያዣ መጨበጫ አጣንለት። ከቤታችን ውጭ ያለ ሰው ቢሰማው ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ሸዋ በር አካባቢ አንድ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ይሠራል። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ለኢድና ለመስቀል ሰሞን ደግሞ የልጆች ልብስ ሲሰፋ ያመሻል። የሰፈራችን አንድ ልጅ ባጃጅ ይነዳል። ዕድሜው ገና 20 አልሞላም። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ የቀን ገቢ እያስገባ ነው የሚሠራው። እየመጣ በረንዳው ፊት ያቆማል። ደንበኛ ማለፊያ ያጣል። ክረምት ሲሆን ጭቃው የሚረጨው የተሰቀለው ልብስ ላይ ነው። ወንድሜ ስንቴ ተናግሮታል።

አንድ ቀን የአንዲት ደንበኛ የሠርግ ቀሚስ ቆሸሸ። ተሰዳደቡ። ልጁ ከወንበሩ ስር የጎማ መፍቻ አውጥቶ ሰነዘረ። ወንድሜ ራሱን ሊከላከል ቀኝ እጁን አነሳ። ብረቱ አንጓው ላይ አረፈ።

ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ብረት ገባለት። አሁን ጀሶው ወጥቷል፤ ጣቶቹ ግን አይታዘዙለትም። ማታ ማታ ልለማመድ ይልና መብራቱ ስር ይቀመጣል። መርፌዋን በግራ እጁ ይይዛል። ክሩን በምላሱ ያርሳል፣ ጫፉን በጥርሱ ያሾላል። ከዚያ ቀኝ እጁ ወደ ቀዳዳው ሲጠጋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ክሩ በጎን ያልፋል። እንደገና ያርሰዋል። እንደገና በጎን ያልፋል። በ12 ዓመቱ መርፌ የጨበጠ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ክር ያስገባ ነበር።

ልጁ ተይዟል። ምርመራው ተጣርቶ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው ብለውናል። እናቱ በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትመላለሳለች። እሷ ደግሞ የቅሬያችን (የእድራችን) አባል ናት። አባታችን የሞተ ጊዜ ከቤታችን ያልጠፋች፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ወጡን ሠርታ ለቀስተኛውን ያበላችልን ሴት ናት። አሁን መንገድ ላይ ስታየኝ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። እሷን ሳይ አንጀቴ ይላወሳል። ወንድሜን ሳይ ደግሞ ደሜ ይፈላል።

ሽማግሌ ተልኮብናል። አንድ ሸህ፣ አንድ ቄስ፣ ከእነሱ ጋር የቅሬው አባቶች። ልጅ ነው፣ ሰይጣን አሳስቶት ነው፣ እርቅ ደም ያደርቃል ይላሉ። 40 ሺህ ብር ይዘው መጥተዋል። ብሩን እናትየው ኩታበር ያለ ወንድሟን በሬ አሽጣ ነው ያገኘችው። እማዬ ተቀብላ መገላገል ትፈልጋለች። እኔ አልፈልግም። ወንድሜ ዝም ብሏል። ሽማግሌዎቹም እሱን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብለው አልጠየቁትም። የሚያወሩት ከእማዬ ጋር ነው። እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን በጋቢው ሸፍኖ ያዳምጣል።

እኔ ልጁ እስር ቤት ይበስብስ አልልም። ግን ቡና ተፈልቶ፣ ተመራርቆ፣ እንዳልነበረ እንዲሆን አልፈልግም። ብንታረቅ ክሱ ይቀራል ወይ? ቢታሰርስ ወንድሜ ምን ያገኛል? እርቁን እንቀበል ካልን ምን ብለን ነው የምንቀበለው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ

እህቴ፣ አላህ ወንድምሽን ያሽርልሽ። እኔ በግልጽ ልናገር። ይታሰር።

ዛሬ ይህ ልጅ በ40 ሺህ ከወጣ ነገ ሌላው ባጃጅ ነጂ የሰው እጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ አወቀ ማለት ነው። የሀብታም ልጅ ቢሆን ኖሮ 400 ሺህ ተቆጥሮ በማግስቱ ሥራው ላይ ነበር። የደሃ ልጅ ሲሆን ይታሰራል። እንዲህ ያለው ነገር ሲለመድ ሕግ ለከፋይ ነው ይባላል። ሰፈሩ በሙሉ እያየ ነው። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ የሚያስቡት ለሰፈሩ ሰላም ነው እንጂ ለወንድምሽ እጅ አይደለም። ክብራቸውን ጠብቄ ነው የምናገረው፤ ግን ያየሁት ይህን ነው። እርቅ እምቢ ያለ ሰው "ልበ ደንዳና" ይባላል። ማን ነው ለተመታው ሰው "አንተ ልክ ነህ" የሚለው? ፍርድ ቤቱ ነው። እሱን አትልቀቂው።

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ እንኳን ጠየቅሽ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ፈርሞ ነው እኛ ጋ የሚመጣው።

የወንጀል ሕጋችን (የ1996ቱ) የአካል ጉዳትን በደረጃ ያያል። ቀላል ጉዳት ሲሆን ጉዳዩ የሚንቀሳቀሰው በተጎጂው አቤቱታ ነው። እንዲህ ያለ ክስ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል። መምቻ መሣሪያ ከተያዘ ግን ቀላል ጉዳት እንኳ ቢሆን የግል አቤቱታ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ይከሳል። የወንድምሽ እጅ በሐኪም ማስረጃ "ከባድ" ከተባለ ደግሞ አንቀጽ 555 ነው የሚመጣው። ቅጣቱ ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት፣ ሲከብድ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ "ታረቁና ልጁ ይፈታል" ካሏችሁ በእጃቸው የሌለውን ነው ቃል የሚገቡት። ሕገ መንግሥቱ ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት ቦታ የሰጠው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። የወንጀል ክስ መነሳት አለመነሳቱ የመንግሥት ሥልጣን ነው።

እርቁ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። አንቀጽ 82 ላይ ቅጣት የሚያቀሉ ምክንያቶች አሉ። ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ ተጎጂውን ከረዳና ጉዳቱን እስከቻለው ከካሰ ዳኛው ያንን ይይዝለታል። ዕድሜውና የቀድሞ ጠባዩም ታይቶ ቅጣቱ በገደብ ሊሆን ይችላል። ልጁ ሳይታሰር፣ ግን ጥፋተኛ ተብሎ፣ በቁጥጥር ስር ሆኖ ይቆያል ማለት ነው። በእስርና በነፃ መውጣት መካከል ይህ መንገድ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። እርቅ ከወረደ በኋላ "በሉ እንግዲህ ምስክሮቹ አላየንም ይበሉ" የሚል ሰው ይመጣል። ይህ በየሰፈሩ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ሐሰተኛ ምስክርነት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እውነቱ ለችሎቱ ይነገር፤ እርቁም ለችሎቱ ይነገር። ሁለቱ አይጣሉም።

የሀረጎ መንገደኛ

እኔ ፍርድ ቤት የረታሁ ሰው ነኝ። ሰኞ ገበያ ያለው ወንድሜ ይህን ቢሰማልኝ ደስ ይለኛል።

የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ጭነት ሲራገፍ በተነሳ ጠብ አንድ ሰው እግሬን ሰበረው። ከሰስኩ፣ መሰከሩልኝ፣ 2 ዓመት ተፈረደበት። ያን ዕለት ዘመዶቼ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያስ? እሱ ገባ። እኔ ቤት ተቀመጥኩ። የሕክምናውን ብድር የከፈልኩት እኔ ነኝ። እግሬ ከዚያ በኋላ ጭነት አልቻለም፤ ረዳትነቱ ቀረ። ካሳ ልጠይቅ ብል ከእስረኛ ምን ይገኛል አሉኝ። የእሱ ሚስትና ልጆችም ተቸገሩ። እነሱ መቸገራቸው ለእኔ አንዲት ብር አላመጣልኝም።

ከሁሉም የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በችሎት ያ ሰውዬ ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም። "አልፈጸምኩም" ነው ያለው፤ ጠበቃው እንዲል የነገረውን። እኔም ምስክር ሆኜ የተጠየቅኩትን ብቻ መለስኩ። በስንት ሰዓት፣ በየት በኩል፣ በምን መታህ። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ እንደነበርኩ፣ አሁን ጎረቤት እንደሚያደርስልኝ ማን ይጠይቀኛል? ለክሱ አያስፈልግም። ከተፈታ በኋላ መናኸሪያ ተገናኘን። ዓይን ለዓይን ተያየን። እሱም ዞር አለ፣ እኔም ዞር አልኩ። እስከ ዛሬ ለምን እንደዚያ እንደጨከነብኝ አላውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እውነት ነው።

ስለዚህ ታረቁ ወይም አትታረቁ አልልሽም። ወንድምሽ ግን ይናገር። ልጁም ይስማው፣ ፊት ለፊት።

ጡረተኛው መምህር፣ ኮምቦልቻ

ልጄ፣ ለወንድምሽ ምሕረቱን ያውርድለት። በሰፈሬ ለሽምግልና ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ነጋዴው ያለው እውነት አለበት። ገንዘብ ተቆጥሮ፣ ጉንጭ ተሳስሞ የሚበተን እርቅ አለ። እንዲያ ያለው የሚጠቅመው "አስታረቅሁ" ለሚለው ሽማግሌ ነው።

የእኛ አገር እርቅ ግን መሠረቱ እንዲያ አልነበረም። ወደ የጁ በኩል አቤጋሮች የሚባሉ ባህላዊ አስታራቂዎች አሉ። ከሚሴ በኩል ጉማ የሚባል የኦሮሞ የደም እርቅ አለ። ሰው የሞተበት ቤት እንኳ ደሙ የሚደርቅበት ሥርዓት አለው። የዚህ ሥርዓት ጉልበቱ ብሩ አይደለም። በዳዩ ያደረገውን በራሱ አፍ ይናገራል። ዘመዱ ዋስ ይሆናል። ቃሉን ቢያፈርስ እሱ ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ያፍራል። ብሩ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የእናንተ ሽማግሌዎች ከብሩ ነው የጀመሩት። እዚያ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ዛሬ ዓለም ተሃድሷዊ ፍትሕ (በዳይ ተበዳዩን አግኝቶ ጉዳቱን የሚክስበት መንገድ) እያለ የሚያጠናው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1974 እ.ኤ.አ. በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ሰክረው በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። መስኮት ሰበሩ፣ ጎማ ቀደዱ። ጉዳያቸውን የያዘው የፍርድ ቤት ባልደረባ ለዳኛው አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ እነዚህ ልጆች ለምን ባለንብረቶቹን ፊት ለፊት አያገኟቸውም? ዳኛው ተቀበለ። ልጆቹ በየቤቱ ሄደው በር አንኳኩ። እኛ ነን አሉ። ጉዳቱን ጠየቁ፣ መዘገቡ፣ ሠርተው ከፈሉ። ብዙ አገሮች ዛሬ የሚሠሩበት መንገድ ከዚያ ነው የተነሳው ይባላል። ኒውዚላንድ ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. በሕግ አወጣችው። ልጅ ሲያጠፋ ቤተሰቡ፣ ተጎጂውና ፖሊሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ይመክራሉ። ሐሳቡን ያገኙት ከአገሬው ከማኦሪ ሕዝብ ልማድ ነው። እነሱ የአባቶቻቸውን ወግ ከሕጋቸው ጋር አጋቡት። እኛ ወጉ አለን፤ ማጋባቱ ነው የቀረን።

ከራሴ ሰፈር አንድ ልንገርሽ። በቦርከና ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የውሃ ሞተሩን ተሰረቀ። ሌቦቹ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ሞተሩን ሸጠው በልተውታል። አባቶቻቸው ዋጋውን ሊከፍሉ ተስማሙ። እኔ ግን "ቆዩ" አልኩ። መጀመሪያ ገበሬውን ለብቻው ወስደን ጠየቅነው። ያለው ይህን ነበር፤ "ሞተሩ ይገዛል። ሽንኩርቱ ግን ደርቋል። መጥተው ይዩት።" ልጆቹን ይዘን ወደ ማሳው ወረድን። መደቡ ተሰነጣጥቋል። ገበሬው አንዱን ሽንኩርት ነቅሎ ለአንደኛው ልጅ በእጁ ሰጠው። የአውራ ጣት ታህል ነበረች፣ ልጣጯ እንደ ወረቀት የደረቀ። "ይህ የሴት ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር" አለው። ልጁ መልስ አልነበረውም። ያን ጊዜ ነው ሽምግልናው የተጀመረው። አባቶቹ ሞተሩን ገዙ። ልጆቹ በቀጣዩ መስኖ ያንን ማሳ ሲቆፍሩና ሲያጠጡ ከረሙ። አንደኛው በመሃል ጠፋ፤ አባቱ ፈልጎ መለሰው። ያለ ዋስ የሚደረግ እርቅ ለዚህ ነው የማይረጋው።

እናም ልጄ፣ የ40 ሺህው ብር ጉዳይ አይዋጥልኝም። በሬው የአጎቱ ነው፣ ዕዳው የእናቱ ነው። ልጁ ምን ከፈለ? ይህን ለሽማግሌዎቹ በጨዋ ቋንቋ ንገሪያቸው። ካሳው ከልጁ ላብ ይውጣ። ባጃጁን ይንዳ፣ ከቀን ገቢው የተረፈውን በየወሩ ያምጣ። በየወሩ ሲያመጣ በየወሩ ያስባል። ደግሞም አትቸኩሉ። ሽማግሌ የሚቸኩለው ለራሱ ነው። ቁስል በመሐላ አይድንም፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ለምን ዝም እላለሁ፣ ደሴ

መምህር ያሉትን አነበብኩ፣ አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልል ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ይህ ሽምግልና የሚባለው ነገር ሁሉም ቦታ አይገባም። እኔ የጥቃት ሰለባ ከሆኑ ሴቶች ጋር እሠራለሁ። የተደፈረች ልጅ ቤት ሽማግሌ ይሄዳል። "ስሟ እንዳይጠፋ" ይባላል። አባቷ ብር ይቀበላል፣ ይባስ ብሎ ለደፈራት ሰው ትዳር ይሁን ይባላል። ልጅቷን የጠየቀ የለም። ሚስቱን የሚደበድብ ባልም በየጊዜው ይታረቃል፤ ተመራርቀው ይወጣሉ፣ እሷ ከእሱ ጋር ትቀራለች። በር ተዘግቶ የሚሆነውን ሽማግሌው አያይም። እዚህ ላይ እርቅ ጥቃቱን መሸፈኛ ነው። ይህን የምለው በጣም አምርሬ ነው።

ለወንድምሽ ጉዳይ ስመለስ፣ በሁለት እኩዮች መካከል የተነሳ ጠብ ስለሆነ እርቁ የሚያስኬድ ይመስለኛል። ግን አንቺም እዚያ ምንጣፍ ላይ ተቀመጪ። እናትሽ ብቻዋን አትሁን። እናትሽ የምታስበው ስለ ቅሬው ነው፣ ነገ ማን ይቀብረኛል እያለች ነው። አልፈርድባትም። ወንድምሽ "አልፈልግም" ቢል በማግስቱም ሰው ሰላም የሚለው መሆን አለበት። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል እሺታው ዋጋ የለውም።

የሰኞ ገበያው ነጋዴ

የሀረጎው ወንድሜ፣ ያንተ ነገር አሳዘነኝ። አላህ ይካስህ። መምህርም የማሳውን ነገር ሲነግሩን ደስ ብሎኛል። ግን አሁንም አንድ ነገር አልገባኝም። ልጁ ለመታሰር ስለፈራ ብቻ "አጥፍቻለሁ" ቢልስ? ሁሉም እስር ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይጸጸታል። መጸጸቱን በምን እናውቃለን?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ልብ ውስጥ ገብተን አናውቅም። መለኪያው የሚያደርገው ነው እንጂ የሚለው አይደለም።

በእንግሊዝ አገር በዳይና ተበዳይን ፊት ለፊት የማገናኘት ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡት የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ግምገማዎች እንደሚሉት በስብሰባው ከተሳተፉት ተጎጂዎች 85 በመቶው ረክተዋል። በዳዮቹም ጥፋት የሚደግሙበት መጠን በ14 በመቶ ቀንሷል። ተአምር አይደለም፤ ግን ለአንድ ስብሰባ ትንሽ አይደለም። ልብ በሉ፣ ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ እስሩ አልቀረላቸውም። ስብሰባው የተደረገው ከቅጣቱ ጎን ነው። እኛ ዘንድ ክርክሩ ሁልጊዜ "ወይ እርቅ ወይ እስር" ሆኖ ይቀርባል። እንዲያ መሆን የለበትም። ልጁ ለመዳን ብሎም ቢመጣ እንኳ ወንድሟ የሚለውን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ችሎት ላይ ይህን አያገኘውም።

የሸዋ በሯ፣ ደሴ

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። መምህር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ለወንድሜ አነበብኩለት። የሀረጎው ወንድሜ የጻፈውን "ድገሚልኝ" አለኝ። ከዚያ መናገር ጀመረ። እስከ ዛሬ ያልሰማሁትን ነው የሰማሁት።

እጁ ሲመታ ስላመመው ሕመም አልተናገረም። የተናገረው ስለዚያች የሠርግ ቀሚስ ነው። ባለቤቷ ሠርጓ ደርሶ ስለነበር እጁ ተሰብሮ ተኝቶ እያለ መጥታ ጨርቋን ወስዳ ሄዳለች። ሌሎቹ ደንበኞችም እንደዚያው። "ሰዉ ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ፤ እጄ ቢድንም ደንበኛው አይመለስም" አለ። ልጁ ይህን እንዲያውቅ ነው የሚፈልገው። ብሩን መልሱላቸው አለ፤ በሬ ሸጠው ያመጡትን አልፈልግም፣ እትዬን ዕዳ ውስጥ አልከታትም አለ። የሚፈልገው እጁ እስኪመለስ ድረስ ሲንጀሩ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰፊ መቅጠር ነው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ያዛል፤ ሰፊው ይሰፋል። የሰፊውን ደመወዝ ልጁ በየወሩ ይክፈል። የባጃጁ ማቆሚያም ከበረንዳው ፊት ይነሳ። ክሱን በተመለከተ "የመጣው ይምጣ፣ ዳኛው ያድርግ፤ እኔ ግን የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ፣ ከከፈለም ከፍሏል እላለሁ" አለ።

ይህን ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ሸሁ ወዲያው ተቀበሉ፤ "እኛ ነን መጀመሪያ ልንጠይቀው የሚገባን" አሉ። አንደኛው የቅሬ አባት ግን ተቆጡ። ብር ተመለሰ ማለት እርቅ ተመለሰ ማለት ነው ብለው ነው። እማዬም አኮረፈችኝ፤ ትመለሳለች። ልጁ አሁን ዋስ ተፈቅዶለት ወጥቷል። ሰኞ ከነእናቱ ሊመጣ ነው። እኔም እቀመጣለሁ። ጠበቃ፣ የምንጽፈው ወረቀት ላይ ምን እንዳይቀርብን?

ጠበቃ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ፣ ወንድምሽ ከብዙ የሕግ ሰው የተሻለ ነው ያሰበው።

ወረቀቱ ላይ በየወሩ የሚከፈለው ብር፣ ቀኑ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና ባይከፍል ማን ዋስ እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ደረሰኙ ነገ ለዳኛውም ማስረጃ ነው፣ ለልጁም ይጠቅመዋል። "ክሱ እንዲነሳ" የሚል ቃል አታስገቡ፤ በእናንተ ሥልጣን ያለ ነገር አይደለም። "የተከፈለው ካሳ ለፍርድ ቤቱ ይገለጻል" ይበቃል።

ዋናው ነገር ግን ይኸውና። ሽማግሌዎች የሚያመጡት የተለመደው ወረቀት መጨረሻ ላይ "ከእንግዲህ ወዲያ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም" የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። የእርቅ ስምምነት በሕግ ፊት እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር ያንን የፈረመ ሰው በኋላ እጁ ሽባ ቢሆን እንኳ ካሳ መጠየቅ ይቸግረዋል። እጁ ገና እየታከመ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ "ከዚህ በላይ አይሻሻልም" ብሎ የጉዳቱን መጠን በማስረጃ እስኪጽፍላችሁ ድረስ ያቺን መስመር አትፈርሙ። ሽማግሌዎቹ አሁኑኑ ካሉ "በሕክምና ማስረጃው መሠረት በኋላ የሚወሰን" ብላችሁ አስተካክሉት። ረቂቁን ሰኞ ጠዋት ከመፈረማችሁ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ያለ ክፍያ አየዋለሁ።